የመከላከያ ስንብትና የጉዳት ማስረጃ ላይ ስህተት ካለ እንዴት ይስተካከላል (ደሴና ኮምቦልቻ ላላችሁ)

አጎቴ ኮምቦልቻ ነው ሚኖረው። በ1990 ሰራዊት ገባ፣ የካቲት 1991 ባድመ ግንባር እግሩን ተመታ፣ በ1998 ተሰናበተ፣ የስንብት ወረቀቱ ላይ ግን የተጻፈው «በህመም ምክንያት» ነው። ይቺ ቃል ስንት አመት እንዳንከራተተችው ስላየሁ የሄድንበትን መንገድ ልጻፍላችሁ።

ቃሏ ለምን እንደምትከብድ መጀመሪያ እወቁ። የጡረታ ህጉ (አዋጅ 714/2003፣ በኋላ በ1267/2014 የተተካው) የጤና ጉድለትንና በስራ ላይ የደረሰ ጉዳትን ለየብቻ ነው ሚያያቸው። በህመም የተሰናበተ ሰው የወር አበል ለማግኘት ቢያንስ 10 አመት ማገልገል አለበት፣ ካልሞላው አንዴ ዳረጎት ተሰጥቶት በዛው አለቀ። ግዳጅ ላይ ቆስሎ ከስራ የወጣ ግን ጉዳቱ ከ10 ፐርሰንት ካላነሰ የአገልግሎት ዘመን አይጠየቅም፣ የጉዳት ጡረታ በየወሩ ነው ሚከፈለው። አጎቴ ያገለገለው 8 አመት ነው፣ አስቡት እንግዲህ።

ስህተቱ የት እንደተጻፈ ሳታውቁ ማመልከቻ አትጻፉ። እኛ ጡረታ ከፋዮቹ ጋር ስንጨቃጨቅ ወራት ፈጀን፣ ለካ እነሱ ከመከላከያ በተላከላቸው ፋይል ነው ሚሰሩት፣ ራሳቸው ሊቀይሩት አይችሉም። ስለዚህ ደሴ ማህበራዊ ዋስትና (ጡረታ ከፋዩ መስሪያ ቤት) ሄዳችሁ ፋይሉ ላይ ምን እንዳለ፣ በየትኛው ደብዳቤ ቁጥርና ቀን እንደተላከ ጠይቃችሁ መዝግቡ፣ ከዛ የእርማት ጥያቄው ለመከላከያ የሰው ሃብት ነው ሚጻፈው። እግሩ የተጎዳ ሰው በሚኒባስ ሀረጎን እየወጣ እየወረደ ባይንገላታ ጥሩ ነው፣ ለልጅ ወይ ለዘመድ ውክልና ስጡ።

ማስረጃ ላይ ጊዜ ውሰዱ፣ ሁሉም ነገር እሱ ነው። ዛሬ ከሚጻፍ አስር ደብዳቤ ያኔ የተጻፈች አንዲት ብጣሽ ወረቀት ትበልጣለች። የሆስፒታል ካርድ፣ ሪፈር፣ የመድሃኒት ወረቀት፣ ከግንባር ለቤተሰብ የተላከ ደብዳቤ ሳይቀር ፈልጉ። እኛ አያቴ ሳጥን ውስጥ ነው ያገኘነው፣ ቀን ያለው የሆስፒታል መውጫ ወረቀት፣ «የጥይት ቁስል» ይላል፣ አጎቴ ሲያየው አለቀሰ። በ2014 ጥቅምትና ህዳር ከተማው በተያዘ ጊዜ ደሴ ሆስፒታል መዘረፉን ታውቃላችሁ፣ ካርዳችሁ ጠፍቶ ከሆነ «ካርዱ አልተገኘም» የሚል ደብዳቤ ጠይቁ፣ ለምን እንዳላቀረባችሁ ያስረዳላችኋል። ምስክር ስትፈልጉ ደሞ አብሮ የነበረ የአንድ ሻለቃ ሰው ይሁን፣ «ጀግና ነበር» ማለቱ አይጠቅምም፣ የት፣ መቼ፣ እንዴት ቆስሎ እንደወጣ ይጻፍ።

ስም ላይ ወሎ ውስጥ ያለው ችግር የታወቀ ነው፣ ስንብቱ ላይ ሰይድ፣ ፋይዳው ላይ ሰኢድ፣ የባንክ ደብተሩ ላይ ሰዒድ። የፊደል ልዩነት ከሆነ ከቀበሌ አንድ ሰው ነው የሚል ደብዳቤ ይዛችሁ ጠይቁ፣ ስሙ ጭራሽ ሌላ ከሆነ ግን ፍርድ ቤት ነው። እድሜ ለማስቀየር አትድከሙ፣ ሲቀጠር መጀመሪያ የተመዘገበው ነው ሚያዘው።

ማመልከቻው አጭር ይሁን፣ እንዲህ፦ «የስንብት ደብዳቤዬ ላይ በህመም ምክንያት የሚለው፣ በግዳጅ ላይ በደረሰ ጉዳት ተብሎ እንዲታረምልኝ፣ ጉዳቱ የደረሰው የካቲት 1991 ሲሆን ማስረጃዬን በ4 ገጽ አያይዣለሁ።» በደሉን ሁሉ እዛ ላይ አትዘርዝሩ። ኦርጅናል ለማንም አትስጡ፣ ኮፒ ብቻ፣ መዝገብ ቤት ስታስገቡም በራሳችሁ ኮፒ ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን አስጽፉ። እኛ ይሄን ባለማድረጋችን አንድ ቢሮ «አልደረሰንም» ብሎን ከዜሮ ጀምረናል።

ቅሬታችሁ የጉዳቱ ፐርሰንት ላይ ከሆነ መንገዱ ሌላ ነው፣ እሱን ሚወስነው የህክምና ቦርድ ስለሆነ እንደገና እንዲያያችሁ ትጠይቃላችሁ፣ የቅርብ ጊዜ ራጅና የሃኪም ወረቀት ይዛችሁ።

እምቢ ካሏችሁ በቃል አትመለሱ፣ በጽሁፍ ስጡኝ በሉ። ማህበራዊ ዋስትና በወሰነው ነገር ላይ የማህበራዊ ዋስትና ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ አለ፣ ቀነ ገደብ ስላለው ውሳኔው በደረሳችሁ ቀን የይግባኙን ጊዜ ጠይቁ። የህዝብ እንባ ጠባቂም አለ፣ አቤቱታ በነጻ ነው፣ በቃልም ይቀበላል።

እርማቱ ሲወጣ ደብዳቤው ለማህበራዊ ዋስትና ግልባጭ መደረጉን አረጋግጡ፣ የወደኋላውን ክፍያ ደሞ በዛው ሰሞን በጽሁፍ ጠይቁ፣ ውዝፍ አበል ጊዜው ካለፈ በይርጋ ይታገዳል። አብሽሩ።