ትንሽ ቡችላ ሌሊቱን ሙሉ እንዲተኛ እንዴት ማስለመድ ይቻላል

ከእናቱ በተለየበት የመጀመሪያ ሌሊት የማያለቅስ ቡችላ እምብዛም አይገኝም። እስከዚያች ዕለት ድረስ ከወንድምና ከእህቶቹ ጋር ተደራርቦ፣ በእነርሱ ገላ ሲሞቅና ትንፋሻቸውን ሲሰማ ኖሮ በድንገት ጨለማ ውስጥ ብቻውን ሲቀር ቢጮህ ጥጋብም እልህም አይደለም። የሚያስጮኸው ብርድ፣ ብቸኝነትና የሞላ የሽንት ፊኛ ነው። እኔ ይህን የተረዳሁት ቡቺ የሚባለውን ቡችላችንን ባመጣሁ በአራተኛው ሌሊት ሲሆን፣ በሦስቱ ሌሊቶች የሠራሁትን ስህተት ለማረም ግን ሁለት ሳምንት ፈጅቶብኛል።

ከመረከብዎ በፊት

አስቀድመው ዕድሜውን ይጠይቁ። ቡችላ ከእናቱ መለየት ያለበት ቢያንስ 8 ሳምንት ሲሞላው ነው። መንገድ ዳር በካርቶን ተደርገው ከሚሸጡት መካከል ገና ጥርሳቸው በቅጡ ያልወጣ ይገኙባቸዋል፤ እንዲህ ያለውን ይዞ የሚገባ ሰው ሥራው ቡችላውን እንቅልፍ ማስለመድ ሳይሆን በሕይወት ማቆየት ስለሚሆን፣ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ 2 ወር የሞላውን ጤነኛ ቡችላ የሚመለከት ነው።

ሲረከቡት እናቱ ከተኛችበት ጨርቅ ቁራጭ እንዲሰጡዎት ይለምኑ፤ ሳይታጠብም ያምጡት። የእናቱ ሽታ የሚያረጋጋውን ያህል ሌላ ነገር አያረጋጋውም። ቴክ ቴክ የሚል ሰዓት በጨርቅ ጠቅልሎ አጠገቡ ማስቀመጥ የእናቱን የልብ ምት ያስታውሰዋል የሚል ምክርም ሰምቼ ሞክሬው ነበር፤ ቡቺ ሰዓቱን አኘከው።

ማደሪያው

ሳጥኑ ቡችላው ቆሞ የሚዞርበትና እግሩን ዘርግቶ የሚተኛበትን ያህል ብቻ ይሁን። ውሻ የተኛበትን ማቆሸሽ አይወድም፤ ቦታው ሲሰፋ ግን አንዱን ጥግ መኝታ፣ ሌላውን መጸዳጃ ያደርገዋል። ሲያድግም እንዲበቃው ብለው ትልቅ ካሠሩ፣ ለጊዜው መሀሉ ላይ ጣውላ አቁመው ያጥብቡት። የሽቦ ኬጅ መግዛት የሚችል ይግዛ፤ እኔ የሰፈራችን አናጺ ከትርፍራፊ ጣውላ የሠራልኝ ሳጥን በሦስት በኩል ድፍን በመሆኑ ነፋስ ስለማያስገባ እንዲያውም የተሻለ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ካርቶን ይረጥባል፣ ይታኘካል፤ ከሁለት ሌሊት በላይ አያገለግልም። ከሥሩ ያረጀ ብርድ ልብስ ወይም ጋቢ ያንጥፉ። ገለባ የቁንጫ መደበቂያ ስለሚሆን ይቅር።

አዲስ አበባ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ስለሚወርድ ጨርቅ ብቻውን አይበቃም። እኔ ብልህ የሆንኩ መስሎኝ የፈላ ውሃ በሃይላንድ ሞልቼ ከጨርቁ ሥር ሸጎጥኩለት፤ ለቅዝቃዛ ውሃ የተሠራው ስስ ጠርሙስ ተጨማድዶ ክዳኑ ላላና ሌሊት ላይ ፈሰሰ፤ ቡችላው በረጠበ ብርድ ልብስ ላይ ሲንቀጠቀጥ አገኘሁት። እጅ የማያቃጥል ሙቅ ውሃ በደህና ጠርሙስ አድርገው፣ በፎጣ ጠቅልለው፣ ከሳጥኑ አንድ ጥግ ብቻ ያስቀምጡ፤ ሲሞቀው ወደ ሌላው ጥግ መሸሽ መቻል አለበት።

በቀን ሳጥኑን ክፍት አድርገው ምግቡን እዚያው ውስጥ ይስጡት፤ ሲያንቀላፋም አንስተው እዚያ ያስተኙት።

የት ይደር

ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በአገራችን ውሻ የግቢ እንጂ የቤት ስላልሆነ ቡችላውም ከመጀመሪያዋ ቀን ጀምሮ በር ላይ ወይም ጓሮ እንዲያድር ይደረጋል፤ ሲጮህም «ተወው፣ ይለምደዋል» ይባላል። እኔም ሳጥኑን ክፍሌ ላስገባ ብዬ እናቴን ሳስፈቅድ «ውሻ ቤት ገብቶ ሊያድር? እኔ በቁሜ እያለሁማ አይሆንም!» ስላለችኝ፣ ጓሮ ያለው ሰርቪስ ክፍል ውስጥ ዘግቼበት ተኛሁ። ከምሽቱ 4 ሰዓት ጀምሮ ጮኸ። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ የጎረቤታችን አዛውንት በአጥሩ በኩል ተጣሩና «ልጄ፣ ይሄ ፍጥረት ምን በደለህ?» አሉኝ። «እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ዛሬ ገና ነው የመጣው» ብዬ ተመለስኩ እንጂ በሩን አልከፈትኩም። ወደ 9 ሰዓት ገደማ ዝም አለ። ጠዋት በሩን ስከፍት በራሱ ሽንትና ዓይነ ምድር ላይ ተኝቷል፤ ጣውላውን ሲቧጥጥ ካደረበት አንዱ ጥፍሩ ደምቷል። ያንን ዝምታ መልመድ ነው ብዬ ልቆጥረው አልቻልኩም። ከዚያ በኋላ ለሳምንት ያህል ሳጥኑን ገና ሲያይ መሬት ላይ ይለጠፍ ነበር።

ስለዚህ ለመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ሳጥኑ ከሚተኙበት ቦታ አጠገብ፣ እጅዎን ቢዘረጉ በሚደርሱበት ርቀት ይሁን። ቤት ማስገባት የሚፈቀድልዎት ከሆነ ቀላል ነው። እኔ ውሻውን ወደ እኔ ማምጣት ስላልተፈቀደልኝ ፍራሼን ተሸክሜ ወደ ውሻው ሄድኩ። ሰርቪስ ክፍሉ ወለል ላይ ለአሥራ ሁለት ሌሊት አደርኩ፤ ለወገብ የሚመከር አይደለም፣ ለቡችላው ግን ከዚያ የበለጠ መድኃኒት አላገኘሁም። ክፍት በረንዳ ላይ ወይም ደጅ ማሳደር በተለይ ከከተማ ዳር ላላችሁ ፈጽሞ አይገባም፤ ጅብ የሁለት ወር ቡችላን አይምርም።

ከምሽቱ ጀምሮ

የመጨረሻውን ምግብ 12 ሰዓት ላይ ይስጡት። የተረፈ ሽሮ ፍትፍት ወይም የወጥ እንጥፍጣፊ አይስጡት፤ በርበሬው ሆዱን ያውከዋል፣ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ደግሞ የውሻን ቀይ የደም ሴሎች የሚጎዱ ናቸው። የላም ወተትም ብዙ ቡችሎችን ያስቀምጣቸዋል፤ የሚያስቀምጠው ቡችላ ደግሞ ሌሊት ሊተኛ አይችልም። ያለ ቅመም የተቀቀለ ሩዝና ሥጋ ለአንድ ሰሞን ያደርሳል፣ ለዘለቄታው ግን ለቡችላ ተብሎ የተዘጋጀ ምግብ ይሻላል። ውሃውን 2 ሰዓት ላይ ያንሱ፤ እንደ ድሬዳዋ ባለ ሞቃት ስፍራ የምትኖሩ ግን እስከ መኝታ ሰዓት በትንሽ በትንሹ ስጡት።

ቡችላ በቀን ውስጥ ከ18 እስከ 20 ሰዓት ሊተኛ ይችላል። «ሌሊት እንዲደክመው» ብለው ልጆች ቀኑን ሙሉ እንቅልፍ እንዳይነሱት ይከልክሉ፤ ከመጠን በላይ የደከመ ቡችላ እንደ ሕፃን ልጅ ይነጫነጫል እንጂ አይተኛም። ከ2 እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ አጫውተው፣ ከዚያ መብራት ቀንሰው፣ 4 ሰዓት ላይ ሽንቱን አሸንተው ያስገቡት።

ጩኸቱን መለየት

በሁለተኛውና በሦስተኛው ሌሊት በመጀመሪያው ሌሊት የተጸጸትኩትን ለመካስ ስል ባለቀሰ ቁጥር አወጣሁት፣ አቀፍኩት፣ ዳቦ ሰጠሁት። በሦስተኛው ሌሊት መጨረሻ ላይ ቡቺ ዳቦ የሚገኘው በመጮህ መሆኑን አጣርቶ አውቆ ነበር። ጨርሶ አለመስማትም፣ ሁሉንም መስማትም አይሠራም፤ የሚሠራው ጩኸቱን ለይቶ መመለስ ነው።

ሳጥኑ ውስጥ እንደገባ የሚያሰማው፣ ቆም እያለ የሚቀጥልና እየቀነሰ የሚሄድ ማላዘን የእንቅልፍ ማጣት ቅሬታ ነው። በዚህ ጊዜ አያውጡት፣ አያናግሩት፤ ጣትዎን በሳጥኑ ክፍተት አስገብተው እንዲያሸትዎት ብቻ ያድርጉ። ቡቺ አፍንጫውን ጣቴ ላይ ካሳረፈ በኋላ ሁለት ጊዜ ተንፍሶ ዝም የሚልበት ጊዜ ነበር። ሃያ ደቂቃ ሊፈጅ ይችላል፤ ይታገሡ።

ተኝቶ ቆይቶ በድንገት ተነሥቶ የሚዞር፣ የሚያሸትት፣ በሩን የሚቧጥጥ ከሆነ ግን ሽንቱ መጥቷል፤ ይህንን ሳይዘገዩ ያውጡት። አንዴ እዚያው ከሸና ማደሪያውን የመጠበቅ ጠባዩ ይበላሻል።

ሦስተኛው ዓይነት የማያቋርጥ፣ እየጨመረ የሚሄድ ጩኸት ሲሆን፣ ቡችላው ያለከልካል፣ ለሐጩ ይዝረበረባል፣ ጣውላውን ይነክሳል። ይህ ፍርሃት ነው፤ «ይለምደዋል» ብሎ መተው የሚያባብሰው ይህንን ነው። አውጥተው በጸጥታ ያረጋጉት፤ ምግብና ጨዋታ ግን አይስጡት። በማግስቱም ሳጥኑ የተጠላበትን ምክንያት ይፈልጉ፤ ከእርስዎ ርቆ ይሆናል፣ ቀዝቅዞትም ይሆናል፣ ወይም እንደ እኔው ቡችላ መጥፎ ሌሊት አሳልፎበት ይሆናል።

ጠዋት ሲከፍቱለትም እየጮኸ ሳለ አይክፈቱ። ዝም እስኪል ጠብቀው በልብዎ እስከ አምስት ቆጥረው ይክፈቱ።

ሌሊት ማሸናት

የ2 ወር ቡችላ ቀን ላይ ሽንቱን መያዝ የሚችለው ቢበዛ 3 ሰዓት ያህል ነው፤ በየወሩ አንድ ሰዓት ያህል ይጨምራል፤ ተኝቶ ሳለም ትንሽ ይረዝምለታል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሌሊቱን ሙሉ እንዲተኛ መጠበቅ ከአቅሙ በላይ መጠየቅ ነው። የእኔ ምክር በጩኸቱ ከመነሣት ይልቅ መቅደም ነው። ስልክዎን ከሌሊቱ 7 ሰዓትና 10 ሰዓት ላይ እንዲያነቃዎት ያድርጉ፤ ሳያለቅስ ሲያወጡት ማልቀስ በር እንደሚያስከፍት አይማርም። በየሁለትና ሦስት ሌሊቱ የመጀመሪያውን ሰዓት በ15 ደቂቃ እያዘገዩ ይሂዱ። ወደ 9 ሰዓት ሲጠጋ የ10 ሰዓቱን ይተዉት፤ የቀረውንም እንዲሁ ወደ ንጋት ይግፉት። አንድ ሌሊት ካመለጠው ወደ ቀድሞው ሰዓት ይመለሱ። ቡቺ በ11ኛው ሳምንቱ አንድ ጊዜ ብቻ ይነሣ ነበር፤ በ15ኛው ሳምንቱ እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት ከሩብ ደረሰ።

ሲያወጡት አቅፈው ያውጡት፤ በእግሩ ከሄደ መንገድ ላይ ይሸናል። ሁልጊዜ ወደ አንድ ቦታ ይውሰዱት፣ መብራት አያብሩ፣ አያውሩ፣ እንደ ጨረሰ «ጎበዝ» ብለው መልሰው ያስገቡት። ጉዞው የሚያሰለች መሆን አለበት። ክትባቱን እስኪጨርስ ድረስ ከግቢ አያውጡት፤ ፓርቮ የሚባለው ገዳይ ተቅማጥ የሌሎች ውሾች ዓይነ ምድር ከነበረበት አፈር ይተላለፋል። ኮንዶሚኒየም ላይ የሚኖር ሰው በረንዳው ላይ በሰፊ ሳፋ አፈርና ሳር ቢያስቀምጥ ሌሊት አራት ፎቅ ከመውረድ ይድናል።

ሳጥኑ ውስጥ ከሸና አይቆጡት። በሳሙና አጥበው በውሃ በተበረዘ አቼቶ ያብሱት። በረኪና አይጠቀሙ፤ ከሽንት ጋር ሲገናኝ ጎጂ ጋዝ ይፈጥራል።

ከእርስዎ ማራቅ

አምስት ስድስት ሌሊት በሰላም ካደረ በኋላ ሳጥኑን በየሌሊቱ አንድ ክንድ ያህል ወደሚያድርበት ቦታ ያርቁት። እኔ ሳጥኑን ትቼ ፍራሼን ነበር ወደ በሩ የማርቀው፤ በመጨረሻም በሩ ገርበብ ብሎ እኔ ውጭ፣ እርሱ ውስጥ አደርን፤ ከዚያ ወደ አልጋዬ ተመለስኩ። ካለቀሰ አንድ ክንድ ወደ ኋላ ይመለሱ። ደጅ ያለው የውሻ ቤት የሚታሰበው ካደገና ክትባቱን ከጨረሰ በኋላ ነው፤ ሲያዛውሩትም የለመደውን ጨርቅ አብረው ያስገቡለት።

ሁሉን አድርገው አሁንም የማይተኛ ከሆነ ገላውን ይፈትሹ። ቁንጫ ያለበት ቡችላ ሌሊቱን ሲያክ ያድራል። ነጭ ጋዝ እንድቀባው የመከሩኝ ነበሩ፤ ቆዳውን ያቃጥላል፣ ሲልሰውም ይመርዘዋል፤ ለከብት ወይም ለቤት የሚረጨውም መድኃኒት ለቡችላ አይሆንም። ሆዱ የተነፋ ከሆነ የሆድ ትል ሊሆን ስለሚችል ወደ እንስሳት ሐኪም ይውሰዱት፤ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱንም ከ3 ወሩ ጀምሮ እዚያው ያስከትቡት። ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ወይም ተደጋጋሚ ትውከት ካዩ ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም ይውሰዱት። ከ4 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ጥርሱን ሲቀይር፣ በክረምትም ነጎድጓድ ሲበረታ እንደገና ሊነሣ ይችላል፤ በዚህ ጊዜ ፍራሽዎን ለሁለት ሌሊት አጠገቡ መልሰው ያንጥፉና ከዚያ እንደ ቀድሞው ያርቁት።