የኮድ ኖዶችን የሚለዩ ትናንሽ ፈንክሽኖች፦ አጻጻፋቸውና የሚያስቱ ቦታዎች

ሊንተርም (በኮድ ላይ ማስጠንቀቂያ የሚሰጥ ፕሮግራም) ሆነ ሌላ የስታቲክ አናሊሲስ መሣሪያ (ኮድን ሳያስኬድ የሚመረምር) ሲጻፍ አንድ ጥያቄ ተደጋግሞ ይመጣል፦ ይህ ኖድ፣ ማለትም ኮዱ በዛፍ መልክ ሲቀመጥ የዛፉ አንድ ክፍል፣ ምንድን ነው? ፈንክሽን ነው? ዶክስትሪንግ (ኮዱን የሚያብራራ ስትሪንግ) ነው? ቁጥር ነው? እያንዳንዱ የመሣሪያው ሕግ ለራሱ መልስ ከጻፈለት፣ አንዱ ኤሲንክ ፈንክሽንን (በ«ኤሲንክ ዴፍ» የሚጻፈውን) ያስታውሳል፣ ሌላው ይረሳል፤ ተጠቃሚው ደግሞ በአንድ ፋይል ላይ የሚቃረኑ ማስጠንቀቂያዎች ያያል። ስለዚህ ጥያቄው አንድ ቦታ ይመለስ፦ ኖድ ተቀብለው መልስ በሚሰጡ፣ ዛፉን በማይነኩ ትናንሽ ፈንክሽኖች። እዚህ ያሉት ምሳሌዎች ኮድን ወደ ኖዶች ዛፍ ከሚቀይረው ከፓይተን የኤኤስቲ ሞጁል የተወሰዱ ናቸው።

በስሙ ይጀምሩ። «ፈንክሽን_ነው» የሚል ስም አሻሚ ነው፤ ላምዳን (ስም የሌለውን አጭር ፈንክሽን) ይጨምራል ወይስ አይጨምርም? በኤኤስቲ ውስጥ ፈንክሽንዴፍ፣ ኤሲንክፈንክሽንዴፍ እና ላምዳ ሦስት የተለያዩ ክላሶች ናቸው፤ ሁለተኛው የመጀመሪያውን አይወርስም። ፈንክሽንዴፍን ብቻ የሚፈትሽ ኮድ ኤሲንኮቹን ያለ ምንም ኤረር ያልፋቸዋል፤ ባጉ ሳይታይ የሚቆየውም ለዚህ ነው። የሚሻለው ጥያቄዎቹን መለየት ነው፦ «ስም_ያለው_ፈንክሽን_ነው» ሁለቱን ብቻ ይቀበል፤ «ስኮፕ_ይከፍታል» (ስሞች የሚታወቁበትን አዲስ ክልል ይጀምራል) ላምዳን፣ ክላስንና ኮምፕሪሄንሽንን (በውስጡ «ፎር» ይዞ ሊስትና የመሳሰለውን የሚሠራ ኤክስፕረሽን) ይጨምር። የላምዳ አካል ሊስት ሳይሆን አንድ ኤክስፕረሽን ስለሆነ፣ በሉፕ ሊዞርበት የሚሞክር ኮድ እንደሚሰበር አይርሱ።

ቋሚ ዋጋዎች ቀላል ይመስላሉ። ከፓይተን 3.8 ጀምሮ ቁጥር፣ ስትሪንግ፣ ባይትስ፣ ትሩ፣ ፎልስ እና ነን ሁሉም ኮንስታንት በሚባል አንድ ኖድ ይመጣሉ፤ ነም እና ስትር የሚባሉት የድሮ ክላሶች በ3.14 ጭራሽ ወጥተዋል። ስለዚህ የሚለየው የዋጋው ዓይነት ነው። እዚህ ላይ ቡሊያንን አስቀድመው ያስወጡ፤ በፓይተን ቡል የኢንት ልጅ ስለሆነ «ኢንት ነው?» የሚል ፍተሻ ትሩንም ቁጥር ነው ይለዋል። ሌላው የሚያስተው -1 ነው። ይህ አንድ ኮንስታንት ሳይሆን በውስጡ 1ን የያዘ ዩነሪኦፕ (በአንድ ዋጋ ላይ የሚሠራ ምልክት ኖድ) ነው፤ ይህን ያልያዘ «ቁጥር_ነው» አሉታዊ ቁጥሮች በሙሉ ያመልጡታል።

ዶክስትሪንግ የሚሆነው በሞጁል፣ በክላስ ወይም ስም ባለው ፈንክሽን አካል ውስጥ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር (ስቴትመንት) ኤክስፕር፣ ማለትም ብቻውን የቆመ ኤክስፕረሽን፣ ሆኖ፣ ዋጋው የስትሪንግ ኮንስታንት ከሆነ ብቻ ነው። ኤፍ ስትሪንግ (በውስጡ ዋጋ የሚሰካበት ስትሪንግ) ጆይንድስትር የሚባል ኖድ ስለሚሆን አይቆጠርም። ያለ ምልክት ጎን ለጎን የተጻፉ ሁለት ስትሪንጎች ፓርሰሩ አንድ ስለሚያደርጋቸው ይቆጠራሉ፤ በመደመር ምልክት የተያያዙት ግን አይቆጠሩም።

ዲኮሬተር (ከፈንክሽን ወይም ከክላስ በላይ በ@ የሚጻፈው) ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። አንድ ዲኮሬተር ስም ብቻ ሊሆን ይችላል፣ በነጥብ የተያያዘ አትሪቢዩት ሊሆን ይችላል፣ ወይም ቅንፍ ያለው ኮል። ስለዚህ መጀመሪያ «ሙሉ_ስም» የሚል ፈንክሽን ይጻፉ፦ ኮል ከሆነ የሚጠራውን ያውጣ፣ አትሪቢዩት እስካለ ድረስ ክፍሎቹን እየሰበሰበ ይውረድ፣ መጨረሻው ኔም (የተራ ስም ኖድ) ከሆነ በነጥብ አያይዞ ይመልስ። ከዚያ የመጀመሪያውን ክፍል ከፋይሉ የኢምፖርት ሰንጠረዥ ጋር ያስተያዩት፤ አለበለዚያ በሌላ ስም ኢምፖርት የተደረገ ዲኮሬተር ያመልጣል። ከ3.9 ወዲህ ማንኛውም ኤክስፕረሽን ዲኮሬተር መሆን ስለሚችል፣ መጨረሻው ኔም የማይሆንበት ጊዜ አለ። ያኔ ትክክለኛው መልስ «አይታወቅም» ነው።

ይህ ሦስተኛ መልስ የግድ ያስፈልጋል፤ አመላለሱ ግን ጥንቃቄ ይጠይቃል። ነን ከመለሱ፣ «ካልሆነ» ብሎ የሚጠይቅ ጠሪ ኮድ እንደ «አይደለም» ይወስደዋል። ተራ ኢነም (ስም የተሰጣቸው የተወሰኑ ዋጋዎች ስብስብ) ከመለሱ ደግሞ ሁሉም አባላቱ እንደ እውነት ስለሚቆጠሩ «አይደለም» ራሱ «አዎ» ይሆናል። ኢነም ይጠቀሙና አባላቱ ወደ ቡሊያን ሊቀየሩ ሲሞከር ኤረር እንዲያነሡ ያድርጉ፤ ጠሪው በግልጽ እንዲያወዳድር ይገደዳል። «አይታወቅም» ሲመጣ ምን እንደሚደረግ የሚወስነው ሕጉ ነው፤ የስታይል ሕግ ዝም ቢል ይሻላል፣ የደኅንነት ሕግ ግን ቦታውን ማሳየት አለበት።

አሁን ከሁሉም ጠንከር ወዳለው፦ አንድ ፈንክሽን ጀነሬተር (ዋጋዎችን በ«ዪልድ» አንድ በአንድ የሚሰጥ) መሆኑን ማወቅ። ዛፉን በሙሉ ዞሮ ዪልድ መፈለግ ያሳስታል፤ የተገኘው ዪልድ የውስጠኛው ፈንክሽን ሊሆን ይችላልና።

ጀነሬተር_ነው(ፈንክሽን)፦
  ክምር ← የፈንክሽኑ አካል
  ክምሩ ባዶ እስኪሆን፦
    ኖድ ← ከክምሩ አንድ አውጣ
    ኖዱ ዪልድ ወይም ዪልድፍሮም ከሆነ፦ «አዎ» መልስ
    ኖዱ ስኮፕ ከከፈተ፦ በውጭኛው ስኮፕ የሚሰሉትን ክፍሎቹን ብቻ ጨምር
    ካልሆነ፦ ልጆቹን በሙሉ ጨምር
  «አይደለም» መልስ

«በውጭኛው ስኮፕ የሚሰሉት» የሚለው መስመር ላይ ጊዜ ይውሰዱ። የውስጠኛ ፈንክሽን ዲኮሬተሮችና ዲፎልት ዋጋዎች የሚሰሉት በውጭኛው ውስጥ ነው፤ ዲፎልት ዋጋ ውስጥ የተጻፈ ዪልድ ውጭኛውን ጀነሬተር ያደርገዋል። የላምዳ ዲፎልቶችም እንዲሁ ናቸው። በክላስ ዲኮሬተሮቹ፣ የሚወርሳቸው ክላሶችና ኪወርዶቹ፣ በኮምፕሪሄንሽን ደግሞ የመጀመሪያው ፎር የሚዞርበት ኤክስፕረሽን በውጭኛው ይሰላሉ። የኪወርድ ብቻ አርጉመንቶችን ዲፎልት ሲጨምሩ ነንን ይዝለሉ፤ ዲፎልት የሌለው አርጉመንት በሊስቱ ውስጥ ነን ሆኖ ይቀመጣል፣ ልጆቹን ሲጠይቁትም ይሰበራል። ሊደረስበት የማይችል ኮድ ነው ብለው «ኢፍ ፎልስ» ሥር ያለን ዪልድ አይዝለሉ፤ ፓይተን ራሱ ፈንክሽኑን ጀነሬተር የሚለው ዪልዱ ተጽፎ በመገኘቱ ብቻ ነው።

የኤኤስቲ ኖድ ወላጁን አያውቅም። «ሜተድ_ነው» (የክላስ ፈንክሽን ነው ወይ) ዓይነት ጥያቄ ካለ፣ ፋይሉ ሲነበብ አንዴ የልጅና የወላጅ ሰንጠረዥ ይሥሩና ለፈንክሽኑ ያቀብሉት። ሜተድ ክላሱ ውስጥ በ«ኢፍ» ወይም በ«ትራይ» ሥር ሊጻፍ ስለሚችል የቅርብ ወላጁን ብቻ ማየት አይበቃም፤ ስኮፕ የሚከፍት ኖድ እስኪያገኙ ወደ ላይ ይውጡ፣ ያ ኖድ ክላስ ከሆነ ሜተድ ነው።

ለሙከራ ኖዶችን በእጅ አይገንቡ፤ ፓርሰሩ ፈጽሞ የማያወጣውን ቅርጽ ሊሠሩ ይችላሉ። ሁለት ሦስት መስመር ኮድ በስትሪንግ ጽፈው ፓርስ ያድርጉ፣ ከጎኑ የሚጠበቀውን መልስ ያስቀምጡ፤ ቅርጹን ማየት ሲፈልጉ ከ3.9 ጀምሮ ዳምፕ የሚባለው ፈንክሽን በኢንደንት ዘርዝሮ ያሳያል። ለእያንዳንዱ ፈንክሽን «አዎ»፣ «አይደለም» እና ካለው «አይታወቅም» የሚወጣባቸው ምሳሌዎች ይኑሩ፤ መሣሪያዎ በሚደግፋቸው የፓይተን ቨርዥኖች ሁሉ ላይም ያስኪዷቸው።