በረዶ ከጣለ በኋላ ግቢ እንዴት ይጠረጋል?

አዳማ ዙሪያዋን በኮረብታ የተከበበች ጎድጓዳ ከተማ ናት። ኃይለኛ ዝናብ ሲጥል ጎርፉ የኮረብታውን አፈር ጠርጎ ወደ እኛ ያመጣዋል። ባለፈው ክረምት በረዶም ተጨመረበት። ቆርቆሮው ሲንኳኳ ትንሹ ልጄ "አባዬ፣ ድንጋይ እየወረወሩብን ነው!" አለኝ።

ዝናቡ ሲያባራ መጀመሪያ መብራቱን እዩ። ውሃ ቤት ከገባ ቆጣሪው ጋ ሄዳችሁ አጥፉ፤ የቆማችሁበት ደረቅ ከሆነ ብቻ። የወደቀ ሽቦ ካለ ማንም ከቤት አይውጣ።

ቀጥሎ የውሃ መውጫውን ክፈቱ። እኔ ይህን ረስቼ አንድ ሰዓት ሙሉ ውሃ ስገፋ፣ ውሃው እየተመለሰ እግሬ ስር ይመጣ ነበር። ሚስቴ በረንዳ ላይ ቆማ ትስቅብኛለች! ደለሉን እርጥብ ሳለ በአካፋ ዛቁት። ነገ ካላችሁ ዶማ ያስፈልጋችኋል። አካፋውን ግማሽ ብቻ ሙሉ፤ እርጥብ አፈር ወገብ ይቆርጣል።

በረዶው በብዛት የሚከመረው ከጣራው ጠርዝ ስር ነው። ቤታችሁ የጭቃ ከሆነ ቶሎ ከግድግዳው አርቁት፤ ሲቀልጥ ምርጊቱን ያላሽቀዋል።

ታዲያ ወዴት ይሂድ? ወደ ልጆቹ! የኛዎቹ በሳፋ እያመላለሱ ጉብታ ሠሩ፣ የማዳበሪያ ከረጢት አነጠፉበት፣ ቁልቁል ተንሸራተቱ። ባዶ እግር ግን አይሆንም፤ ደለሉ ውስጥ ሚስማር አግኝቻለሁ። መወራወርም ከልክሉ፣ እንደ ጠጠር ነው የሚያመው። ከመሬት አንስተው እንዳይበሉትም። ትንሹ ግን በልቷል፤ "ስኳር የለውም" ብሎ ተፋው።

ቡናው ሁለተኛ ሲደርስ ጉብታው ኩሬ ሆኖ ነበር።