ውድ የሴት የእጅ ሰዓት እንዴት ይያዛል?

እንደ ካርቲየር ታንክ ያለ ቀጭን የሴት ሰዓት እጃችሁ ገባ እንበል። ታንክ በ1917 እ.ኤ.አ. የተነደፈ ነው፤ እስከ ዛሬ ፋሽኑ አላለፈበትም። በአያያዝ ጉድለት ግን በአንድ ምሽት ሊበላሽ ይችላል።

መጀመሪያ በባትሪ ይሠራል ወይስ ጎኑ ላይ ያለው ቁልፍ እየተጠመዘዘ ይሞላል የሚለውን ሻጩን ጠይቁ። ሴኮንድ ቆጣሪ ካለው በዓይንም ይታወቃል፤ የባትሪው በየሴኮንዱ እየዘለለ፣ የሚሞላው ደግሞ እየተንሸራተተ ይሄዳል።

የሚሞላ ከሆነ ከእጃችሁ አውልቁና ሙሉት። እጅ ላይ እንዳለ ሲሞላ ቁልፉ ወደ ጎን ይጎተታል፣ ዘንጉም ይጣመማል። ጠንከር ሲልባችሁ አቁሙ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቀን ሲያስተካክል ነው። ቆጣሪውን ወደፊት አዙሩ፤ ቀኑ ሲቀየር ሌሊት 6 ሰዓት ሆነ ማለት ነው። አሁንም ወደፊት ገፍታችሁ ሰዓት ቆጣሪውን ታች 6 ቁጥር ላይ አድርሱት፣ ከዚያ ቀኑን አስተካክሉ። ከምሽቱ 3 እስከ ሌሊቱ 9 (ቆጣሪው ከ9 ቁጥር እስከ 3 ቁጥር) ባለው ጊዜ ግን ቀኑን በቁልፉ አትቀይሩ። ያን ጊዜ ጥርሶቹ ተያይዘው ቀኑን እየገፉ ስለሆነ ሊሰበሩ ይችላሉ። ሰዓቱን በሀበሻ አቆጣጠር የምታስተካክሉት ከሆነ ደግሞ ቀኑ የሚቀየረው 12 ሰዓት ላይ ነው፤ ንጋት ላይ እንዲሆን አድርጉት። የኛ ቀን ከንጋት አይደል የሚጀምረው!

ስትለብሱ ሽቶና ቅባቱ ይቅደም። ደርቆ ሲያልቅ ሰዓቱን እሰሩ፤ በተለይ ማሰሪያው ቆዳ ከሆነ። ጀርባው ላይ «30 ሜትር» የሚል ካያችሁም አትዋኙበት። ዝናብ ቢያካፋ ይችላል እንጂ ሻወር ውስጥ አይገባም፤ የሙቅ ውሃ እንፋሎት ውሃ እንዳይገባ የሚከለክለውን ጎማ ያላላዋል።

የአልማዝ ቀለበት ካላችሁ በሌላኛው እጅ አድርጉት። የሰዓቱ መስታወት ሰንፔር ቢሆን እንኳ በጥንካሬ መለኪያ 9 ነው፣ አልማዝ ግን 10፤ ይጭረዋል። 18 ካራት ወርቅማ ከዚያ በጣም ይለሰልሳል። ስለዚህ አንድ ሳጥን ውስጥም አብራችሁ አታስቀምጧቸው።

ማታ በለስላሳ ጨርቅ ጠቅልሉት። ስልክና ማግኔት መዝጊያ ያለው ቦርሳ አጠገቡ አይኑር፤ የሚሞላው ሰዓት ማግኔት ከነካው ብዙ ጊዜ መፍጠን ይጀምራል።

የባትሪው ሰዓት ሲቆም ደግሞ «በኋላ አሠራዋለሁ» ብላችሁ መሳቢያ ውስጥ አትርሱት። ያለቀ ባትሪ ፈሳሽ ያወጣና ማሽኑን ይበላል። ሰዓት ሠሪው ጋ ወስዳችሁ ቢያንስ ባትሪውን አስወጡለት።