ውኃችሁ ላይ ፕሮጀክት ሳይመጣ ደብተር ክፈቱ

ባሕር ዳር ውስጥ የአንድ ዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር ሒሳብ ያዥ ነኝ። ሥራውን በያዝኩ በሁለተኛው ዓመት ዓሣ የምናወርድበት ዳርቻ ለግንባታ ታጠረ። ካሳ ይገባችኋል ተባልንና ስድስት ሆነን ቢሮ ሄድን። የተቀበለን ሰው ሰው አክባሪ ነበር። ወንበር ሰጠንና "በቀን ስንት ኪሎ ታወርዱ ነበር?" ብሎ ጠየቀን። አጎቴ "እንደ እግዜሩ ፈቃድ ነው ልጄ፤ አንዳንድ ቀን ጀልባው ሞልቶ ይመጣል፣ አንዳንድ ቀን…" እያለ ጀመረ። ሰውዬው እስክሪብቶውን ወረቀቱ ላይ እንዳደረገ ቁጥር ይጠብቃል። ቁጥር አልነበረንም። የተከፈለን ለፈረሰው የቆርቆሮ መጠለያ ብቻ ሆነ።

ከዚያ ወዲህ ሌላ አገር ባሕር ላይ ነዳጅና ጋዝ ሲወጣ የዳርቻው ሰው ምን እንደሚገጥመው ያገኘሁትን ሁሉ አነባለሁ። ጣና ላይ የነዳጅ ማማ የለም። ግን ውኃ ላይ ትልቅ ገንዘብ ሲመጣ መረብ ጥሎ የሚያድረው ሰው ምን እንደሚሆን ለማወቅ ከዚያ የተሻለ ትምህርት አላገኘሁም። የጎርጎራ፣ የደልጊ፣ የቁንዝላ፣ የዘጌ ማኅበራት፣ ይህን የጻፍኩት ለእናንተ ነው።

ደብተሩ

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 20 ቀን 2010 በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ዲፕወተር ሆራይዘን የተባለው የቁፋሮ ማማ ፈንድቶ 11 ሠራተኞች ሞቱ። ጉድጓዱም 87 ቀን ሙሉ ድፍድፍ ነዳጅ ሲተፋ ከረመ። ለዓሣ ማስገር የተዘጋው ውኃ በሰፋበት ጊዜ 229 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ደርሶ ነበር፤ ሰባ ጣና ያህል ማለት ነው። ካሳ ሲጠየቅ የሽያጭ ደረሰኝና የግብር ወረቀት ያለው ሰው ኪሣራው በቀላሉ ተሰላለት። ዓሣውን በእጅ በእጅ ይሸጥ የነበረው፣ ግማሹን ለቤቱና ለጎረቤቱ ይዞ ይገባ የነበረው ግን ማስረጃ አምጣ ሲባል ተቸገረ። አጎቴ ትዝ አለኝ።

ስለዚህ ዛሬውኑ ወፍራም ደብተር ግዙ። በየቀኑ የሚጻፈው ይህ ነው፦ ቀኑ፣ የአስጋሪው ስም፣ በታንኳ ወይስ በሞተር ጀልባ እንደወጣ፣ መረቡን የጣለበት ቦታ (እናንተ በምትጠሩት ስም)፣ የመረቡ ብዛት፣ ከዚያ ቀረሶ፣ አምባዛና ነጭ ዓሣ እየተለዩ በኪሎ፣ የተሸጠበት ዋጋ፣ ቤት የገባው ዓሣ፣ የነዳጅ ወጪ። ባዶ የተመለሳችሁበትን ቀን አትዝለሉ። ጥሩ ጥሩው ቀን ብቻ የተጻፈበትን ደብተር ማንም አያምንም፤ ባዶው ቀን ነው ሌላው እንዲታመን የሚያደርገው።

በእርሳስ አትጻፉ፣ ገጽ አትቅደዱ። የተሳሳተውን በአንድ መስመር ሰርዛችሁ አጠገቡ ፈርሙ። በወሩ መጨረሻ ሊቀመንበሩና አንድ አባል ይፈርሙበትና ማኅተም ይረገጥበት። የእኔ የመጀመሪያ ደብተር ጀልባ ውስጥ ውኃ ገብቶበት የአራት ወር ጽሑፍ ሰማያዊ ጭቃ ሆኖ ቀርቷል። አሁን በሁለት ፌስታል እጠቀልለዋለሁ፤ ማታ ማታም ገጹን በስልክ አንስቼ በቴሌግራም ለሁለት አባላት እልካለሁ።

ቢያንስ ዓመቱን ሙሉ ያዙት። በክረምት ነጭ ዓሣው ለመራባት ወደ ጉማራና ወደ ርብ ይወጣል። በሁዳዴ ደግሞ ፈላጊው በዝቶ ዋጋው ይወጣል። አጥኚ ነኝ የሚል ሰው በግንቦት ሁለት ሳምንት ቆጥሮ ቢሄድ የዘገበው የእናንተን ኑሮ አይደለም። ያኔ አፍ አውጥቶ የሚከራከርላችሁ የራሳችሁ ዓመት ነው።

ጀልባ ላይ የሌሉትን ቁጠሩ

በዚህ ላይ ብዙ ማኅበራት ይሳሳታሉ። ካሳ ዝርዝር ውስጥ የሚገባው መረብ ያለው ሰው ነው። እናቴ መረብ ኖሯት አያውቅም። ሃያ ዓመት ዳርቻው ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ፣ አጭር ቢላዋዋን እግሯ ሥር በተቀመጠ ጠፍጣፋ ድንጋይ እየሳለች፣ የቀረሶን ቅርፊት ስታራግፍ፣ የአምባዛን ቆዳ ስትገፍ፣ ሥጋውን ከአጥንት ስትለይ ነው ያሳደገችን። የሚከፈላት በኪሎ ነበር። ዳርቻው ሲታጠር "እርስዎ ምን አጡ?" ያላት ሰው እንኳ አልነበረም።

ስለዚህ አንድ ጠዋት ከንጋት እስከ ረፋድ ዳርቻው ላይ ቁሙና ከአንድ ጀልባ ዓሣ ስንት ሰው እንደሚበላ ቁጠሩ፦ ዓሣ የምታጸዳዋ፣ መረብ የሚጠግነው፣ ተሸካሚው ልጅ፣ ጠብሳ የምትሸጠው፣ ማገዶ የምታቀርብላት፣ ደንገል አጭዶ ታንኳ የሚሠራው። ስማቸውን፣ የሚያገኙትን፣ ስንት ዓመት እንደሠሩ ጻፉ። እነሱንም አስፈርሙ።

ክበቡ

በዓለም አቀፉ የባሕር ሕግ መሠረት አንድ የነዳጅ ማማ ዙሪያውን እስከ 500 ሜትር የሚደርስ የደኅንነት ክልል ሊኖረው ይችላል፤ ያልተፈቀደለት ጀልባ አይገባም። ሲነገር ትንሽ ይመስላል። ክበቡ ግን 78 ሄክታር ያህል ውኃ ነው። ጋና ውስጥ ጁቢሊ የሚባለው የነዳጅ ቦታ እ.ኤ.አ. በ2007 ተገኝቶ በ2010 መጨረሻ ማምረት ሲጀምር፣ የምዕራቡ ዳርቻ አስጋሪዎች ያቀረቡት አቤቱታ ይኸው ነበር፦ ዓሣው የማማውን መብራት ተከትሎ ወደ ክልሉ ይገባል፣ እኛ ተከትለን ስንገባ እንባረራለን።

እናንተም "የተከለለ ቦታ" የሚል ቃል ስትሰሙ ሜትሩን ጠይቁ። ከዚያ ካርታ አምጡና ክበቡን ደብተራችሁ ውስጥ ካሉት የመረብ ቦታዎች ጋር አስተያዩ። ጣና በአማካይ ጥልቀቱ ከዘጠኝ ሜትር አይበልጥም፤ ጥሩ የመረብ ቦታ በየሄዱበት አይገኝም። "ትንሽ ፈቀቅ በሉ" ለሚላችሁ ሰው መልሱ ካርታው ላይ ይታያል።

ድርድሩ ከሥራው ይቅደም

ከስኮትላንድ በስተሰሜን ያሉት የሼትላንድ ደሴቶች ያኔ ነዋሪያቸው ሃያ ሺህ እንኳ አይሞላም ነበር። ምክር ቤታቸው እ.ኤ.አ. በ1974 ለደሴቶቹ ብቻ የሚሠራ ሕግ ከፓርላማ አስወጣ፤ መሬት የመግዛትና ወደብ የመቆጣጠር ሥልጣን አገኘ። ከነዳጅ ኩባንያዎቹም ጋር ኑሯችን ስለሚታወክ ብሎ ካሳ ተስማማ። ገንዘቡም ለአረጋውያን መጦሪያና ለመሳሰለው ለጋራ ጥቅም ዋለ። ነዳጁ ደሴቶቹ ላይ ወደተሠራው ተርሚናል (ማከማቻና መጫኛ ወደብ) የደረሰው በ1978 ነው፤ ሕጉ አራት ዓመት ቀድሞታል።

ከኖርዌይ የምወስደው አንድ አንቀጽ ነው። በነዳጅ ሕጋቸው ለዓሣ አስጋሪዎች ካሳ የተለየ ምዕራፍ አለ። የተጣለ ብረት መረብ ቢቀድና ጣዩ ባይታወቅ፣ ጉዳቱን ሊያደርሱ ይችሉ የነበሩት ባለ ፈቃድ የነዳጅ ኩባንያዎች በጋራ ይጠየቃሉ። እናንተም ውላችሁ ውስጥ ይህን አስገቡ፤ ከግንባታ የተረፈ ሽቦና ፌሮ ውኃ ውስጥ ሲገኝ "የእኔ አይደለም" የማይል ተቋራጭ እስካሁን አላየሁም።

የግንባታው ገንዘብ

የጋናዋ ታኮራዲ ነዳጅ ሲመጣ የቤት ኪራይ ሰማይ ወጣባት፤ ሥራው ግን ለሁሉም አልደረሰም። ሼትላንድም ውስጥ የግንባታው ደመወዝ ከዓሣ ማቀነባበሪያውና ከሹራብ ሥራው ሠራተኛ ወሰደ። ግንባታ ያልቃል። ወንድም ወይም ልጅ ለቀን ሥራ ሲገባ አልከለክልም፤ ጀልባውንና መረቡን ግን አትሽጡ፣ የማስገር ፈቃዱንም በየዓመቱ አሳድሱ። ተከራይ ከሆናችሁ ደግሞ ወሬው እንደተሰማ፣ ዋጋው ሳይንቀሳቀስ፣ የሁለት ዓመት ውል በጽሑፍ ያዙ።

ስብሰባ ሲጠሯችሁ ደብተሩን ይዛችሁ ሂዱ፤ ዋናውን ግን ለማንም አትስጡ፣ ኮፒ ስጡ። በር ላይ የሚዞረውን የፊርማ ወረቀት አንብቡ። ርእስ የሌለው ባዶ ወረቀት ከሆነ ከስማችሁ ጎን "መገኘቴን ብቻ ለማረጋገጥ" ብላችሁ ጽፋችሁ ፈርሙ፣ ፎቶም አንሱት። እኛ ያኔ የፈረምነው የስም ዝርዝር ከሁለት ወር በኋላ የስምምነት ቃለ ጉባኤ ሥር ተያይዞ ነው ያገኘነው።