«አለኝ» በስፓኒሽ ሲበላሽ፦ ችግሩ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

ዋሽንግተን ዲሲና አካባቢው ለሚኖር ሐበሻ ስፓኒሽ የሥራ ቋንቋ ነው። ሬስቶራንት ጓዳም ግባ፣ ሆቴልም፣ ፓርኪንግም፣ አጠገብህ የሚሠራው ሰው ብዙ ጊዜ ከኤል ሳልቫዶር የመጣ ነው። ሰላምታውና ቁጥሩ ቶሎ ይለመዳል። አስቸጋሪው «እገሌ እንዲህ አለኝ» ብሎ የሰው መልእክት ማድረስ ነው።

ስፓኒሽ መሞካከር በጀመርኩበት ሰሞን አብሮኝ የሚሠራ ልጅ በጠዋት ደወለ። «አሞኛል፣ ንገርልኝ» አለ። እኔም ለኃላፊው «ዲሆ ኬ ኤስቶይ ኤንፌርሞ» አልኩት። በኔ ቤት «ታምሜያለሁ አለ» ማለቴ ነው። ኃላፊው የሰማው ግን «እኔ እንደታመምኩ ተናገረ» የሚል ነው። እኔን «አይዞህ» ብሎ አለፈ። ልጁ ሳያስታውቅ ቀረ ተብሎ ተጻፈበት። በጣም ቆጨኝ። ቁጭ ብዬ ማጥናት የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው።

ከታች የጻፍኳቸው የስፓኒሽ ቃላት በላቲን አሜሪካ አነባበብ ናቸው።

ስለ ሌላ ሰው ሳወራ ስለ ራሴ ይመስላቸዋል

ምክንያቱ አማርኛችን ነው። «እመጣለሁ አለች» ስንል መጪዋ እሷ ናት። ቃሏን ሳንነካ አስቀምጠን መጨረሻ ላይ «አለች» እንላለን። ማንም አይምታታበትም። ስፓኒሽ ግን «ኬ» ካለ በኋላ የሚመጣውን ሁሉ አሁን በሚያወራው ሰው በኩል ነው የሚያየው። ከ«ኬ» በኋላ «እኔ» ካልክ፣ አንተው ነህ።

መፍትሄው ግን እዚሁ አማርኛችን ውስጥ አለ። «ታምሜያለሁ አለ» የምንለውን «እንደታመመ ነገረኝ» ማለትም እንችላለን። «እመጣለሁ አለች» ደግሞ «እንደምትመጣ ነገረችኝ» ይሆናል። እዩት፤ «እኔ» የነበረው «እሱ» እና «እሷ» ሆነ። ስፓኒሽ የሚፈልገው ይህንን ነው። ስለዚህ አፍህን ከመክፈትህ በፊት በሐሳብህ «አለ»ን ወደ «እንደ» ቀይረው። ከዚያ «ዲሆ»ን (አለ) ከፊት አድርገው፣ «ኬ»ን አስከትል፦ «ዲሆ ኬ ኤስታባ ኤንፌርሞ» (እንደታመመ ተናገረ)። «ኬ» የ«እንደ»ን ሥራ ነው የሚሠራው፤ እንግሊዝኛ ላይ ብዙ ጊዜ እንደሚደረገው ሊዋጥ አይችልም።

ሥራ ተጣድፎ ጊዜ ካጣህስ? «ኬ»ን ተወውና የሰውየውን ቃል እንዳለ ጥቀስ፦ «ሜ ዲሆ፦ ኤስቶይ ኤንፌርሞ» («ታምሜያለሁ» አለኝ)። ከ«ዲሆ» በኋላ ትንሽ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ይህም ትክክለኛ ስፓኒሽ ነው። ስህተቱ ሁለቱን መቀላቀል ነው።

ሰውየው ገባኝ ይላል፣ ግን ጊዜው ይምታታበታል

አማርኛ «እንደሚሠራ ነገረኝ» ሲል የ«ይሠራል»ን ጊዜ አይነካም። ስፓኒሽ ግን «ዲሴ» (ይላል) እና «ዲሆ» (አለ) ላይ ይለያያል። «ዲሴ» ካልክ ምንም አትቀይር፦ «ዲሴ ኬ ኤስታ ኤንፌርሞ»። «ዲሆ» ካልክ የኋላው ግሥ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይሄዳል። «ኤስቶይ» ያለው «ኤስታባ» ይሆናል። «ኮምፕሬ» (ገዛሁ) ያለው «አቢያ ኮምፕራዶ» ይሆናል። «ቤንድሬ» (እመጣለሁ) ያለው ደግሞ «ቤንድሪያ»።

እዚህ ላይ ብዙ መጨነቅ አያስፈልግም። ነገሩ አሁንም እውነት ከሆነ፣ ለምሳሌ ሰውየው ዛሬም እዚያው ቤት የሚኖር ከሆነ፣ «ዲሆ ኬ ቢቤ» (እንደሚኖር ነገረኝ) ብትልም ያስኬዳል። ለጀማሪ የምመክረው በ«ዲሴ» መጀመርን ነው። ግሡን መቀየር ስለሌለብህ ሰው ላይ ብቻ ታተኩራለህ።

ትእዛዝ ሳደርስ ወሬ ይሆንብኛል

ይሄኛው ነው ጓዳ ውስጥ ዋናው ጣጣ። ኃላፊው «ለጓደኛህ እንዲመጣ ንገረው» ይልሃል። አንተ ሄደህ «ዲሴ ኬ ቢዬኔስ» ትለዋለህ። ጓደኛህ «አዎ» ብሎ ዝም። ለምን? «እንደምትመጣ ይናገራል» ነው ያልከው። ወሬ እንጂ ትእዛዝ አልሰማም። ማለት የነበረብህ «ዲሴ ኬ ቤንጋስ» ነው፤ «እንድትመጣ ይላል»።

ይህን የግሥ ዓይነት ስፓኒሽ ተማሪዎች «ሱብሁንቲቮ» በሚለው ስሙ ይፈሩታል። የኛ ሰው ግን ሊፈራው አይገባም። «እንደምትመጣ» እና «እንድትመጣ» አንድ ናቸው? አይደሉም። የመጀመሪያው ወሬ፣ ሁለተኛው ትእዛዝ ነው። ይህን ልዩነት ከእናታችን ጓዳ ይዘነው መጥተናል። አማርኛው ላይ «እንደም» ካለ ስፓኒሹ ተራው ግሥ ነው። «እንድ» ካለ ሱብሁንቲቮ ነው። ከዚህ የተሻለ መለያ እስካሁን አላገኘሁም።

ነገሩ ያለፈ ከሆነ ደግሞ መልኩ ይለወጣል። «ና አለኝ» ወይም «እንድመጣ ነገረኝ» ለማለት «ሜ ዲሆ ኬ ቢኒዬራ»። ኤል ሳልቫዶራዊው «ቤን» (ና) በማለት ፈንታ «ቤኒ» ብሎ ቢጠራህም ስታደርሰው ያው «ቢኒዬራ» ነው። አሠራሩን አንዴ ከያዝከው አይጠፋህም። «እነሱ» የሚለውን ያለፈ ግሥ ውሰድ፣ መጨረሻ ላይ ያለውን «ሮን» አውጣና «ራ» ተካ። «ቢኒዬሮን» (መጡ) ቢኒዬራ ይሆናል። «ኤስፔራሮን» (ጠበቁ) ኤስፔራራ። «ኢሲዬሮን» (አደረጉ) ኢሲዬራ። ስፔን ውስጥ «ራ»ን በ«ሴ» ተክተው ሲናገሩም ትሰማለህ፤ ትርጉሙ አንድ ነው።

አንድ ቦታ ላይ ግን አማርኛው ራሱ ያደናግራል። «እንዳልመጣ ነገረኝ» ብለህ ጻፍ። ሁለት ነገር ነው። «ጣ» ሲጠብቅ እሱ አለመምጣቱን ነገረኝ ነው፤ ሲላላ እኔ እንድቀር ነገረኝ ነው። ፊደላችን ስለማይለየው ቴክስት ሲደርስህ ቆም ብለህ አስብ። የመጀመሪያው «ሜ ዲሆ ኬ ኖ አቢያ ቤኒዶ» ነው። ሁለተኛው «ሜ ዲሆ ኬ ኖ ቢኒዬራ»።

«ጠየቀኝ» ስል ግራ ይጋባሉ

አማርኛ ስምም ይጠይቃል፣ ገንዘብም ይጠይቃል። ግሡ አንድ ነው። ስፓኒሽ ሁለት ግሥ አለው። መልስ የሚፈልግ «ፕሬጉንታር»፣ ነገር የሚፈልግ «ፔዲር»። ስሜን ጠየቀኝ «ሜ ፕሬጉንቶ ሚ ኖምብሬ» ነው። ገንዘብ ጠየቀኝ «ሜ ፒዲዮ ዲኔሮ»። በሩን እንድዘጋ ጠየቀኝ ስትል «እንድ» አለበት፤ ስለዚህ «ሜ ፒዲዮ ኬ ሴራራ ላ ፑዌርታ»።

መልሱ «አዎ» ወይም «አይደለም» የሆነ ጥያቄ ስታደርስ «ሲ» አስገባ፦ «ሜ ፕሬጉንቶ ሲ አቢያ አልሞርሳዶ»፣ ምሳ በልቼ እንደሆነ ጠየቀኝ። «የት»፣ «መቼ»፣ «ለምን» ካለ «ሲ» አያስፈልግም። «ሜ ፕሬጉንቶ ዶንዴ ቢቢያ»፣ የት እንደምኖር ጠየቀኝ።

«ብዬ» አልወጣ ይለኛል

«ይዘንባል ብዬ ጃንጥላ ያዝኩ» ስንል ማንም ምንም አልተናገረም፤ ያሰብነውን ነው። ስለዚህ «ዴሲር» (ማለት) አይገባም። «ፔንሴ ኬ ኢባ አ ዮቤር» በለው፣ የሚዘንብ መስሎኝ።

«ነገ» ያልኩት ቀን አለፈ

ሰኞ ዕለት ኃላፊው «ነገ እዚህ ጠብቀኝ» አለህ እንበል። አንተ ይህን ዓርብ ዕለት ሌላ ቦታ ሆነህ ታወራለህ። «ማኛና» ብትል ሰሚው ቅዳሜን ነው የሚያስበው። «ማኛና» ወደ «አል ዲያ ሲጊዬንቴ» (በማግስቱ) ይቀየራል። «አዬር» (ትናንት) ወደ «ኤል ዲያ አንቴሪዮር» (በዋዜማው)፣ «አኪ» (እዚህ) ወደ «አዪ» (እዚያ)። ወሬውን የምታደርሰው በዚያው ቀን፣ እዚያው ቦታ ሆነህ ከሆነ ግን አትንካቸው። «ነገ» አሁንም ነገ ነው፣ «እዚህ»ም እዚህ ነው።