ዓሣው ይወፍራል፣ ጫጩት ግን የለም፦ መድኃኒት የገባበትን ኩሬ መለየትና ማስተካከል

ይህ ጽሑፍ በጅማና በዙሪያዋ ቆሮሶ (ቲላፒያ) የተባለውን ዓሣ ለሚያረቡ ሰዎች የተዘጋጀ ነው። የኩሬውን ጥልቀት፣ በማለዳ በውሃው ውስጥ ያለውን ኦክስጅንና የመኖውን ደኅንነት አስቀድማችሁ እንደፈተሻችሁ በማመን በቀጥታ ወደ ጉዳዩ እገባለሁ። ውሃው ከ22 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሲቀዘቅዝ ቆሮሶ እንቁላል መጣሉን እንደሚቀንስ ደግሞ የጅማን የክረምት ብርድ የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል።

ምልክት፦ ዓሣው በጅምላ ሞቶ ተንሳፈፈ።
ይህ በቡና መልቀሚያ ወራት ከሆነ መንስኤው አብዛኛውን ጊዜ ከእሸት ቡና መፈልፈያ የሚወጣው ፍሳሽ ነው፤ ፍሳሹ ሲበሰብስ በውሃው ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይጨርሰዋል። መግቢያውን ወዲያውኑ ዝጉ።

ምልክት፦ ሁሉም ወንድ ሆነው ተገኙ።
ጫጩቶቹ ከተፈለፈሉ በኋላ ለ21 እስከ 28 ቀናት ሚቲልቴስቶስትሮን የተባለ ሆርሞን በመኖ ተሰጥቷቸው ሊሆን ይችላል። ዓሣውን በጀርባው አስተኝታችሁ ከፊንጢጣው ጀምራችሁ ብትመለከቱ ወንዱ ሁለት፣ ሴቷ ሦስት ቀዳዳ አላቸው። መፍትሔው ሆርሞን ያልነካው የእርባታ ዘር መግዛት ነው። የተረፈውን ሆርሞን ያለበት መኖ ወደ ሌላ ኩሬ የሚደፋ ሰው ግን ችግሩን ወደ ጎረቤቱ እያሻገረ ነው።

ምልክት፦ እናቲቱ እንቁላል በአፏ ይዛ ታይታለች፣ ጫጩቶቹ ግን ጠፉ።
አይቨርሜክቲን የተባለው የጥገኛ ተባይ መድኃኒት የተሰጣቸው ከብቶች በመግቢያው ቦይ ይጠጡና ይጸዳዱ እንደሆነ ተመልከቱ፤ መድኃኒቱ ጫጩቶች የሚመገቧቸውን ጥቃቅን የውሃ እንስሳት ይገድላል። ከብቶቹ ከኩሬው መግቢያ በታች ይጠጡ።

ምልክት፦ ወንዱም ሴቷም አሉ፣ ጤነኛና ወፍራም ናቸው፣ ጎጆ የሚቆፍር ግን የለም።
ደጋግሜ የገጠመኝና ሰዎች ያለ ጥፋታቸው የከሰሩበት ችግር ይህ ነው። ወንዱ በመራቢያ ጊዜው ሊደምቅ ሲገባው ደብዝዞ ይቀራል፤ የኩሬውን ወለል አይቆፍርም፣ ግዛቱንም አይከላከልም። አርቢው ዘሩን ይወቅሳል፣ አዲስ ጫጩት ይገዛል፣ እሱም አይራባም።

መንስኤው መግደል ሳይሆን ማምከን የሚችል የመድኃኒት ቅሪት ነው። ከእርግዝና መከላከያ እንክብሎች የሚመጣው ኤቲኒልኤስትራዲዮል የወንዱን ጉበት የሴት ሥራ ያሠራዋል፤ ጉበቱ የእንቁላል አስኳል ፕሮቲን ማምረት ይጀምራል፣ በዘር ፍሬው ውስጥም የእንቁላል ሕዋሳት ሊበቅሉ ይችላሉ። መጠኑ በዓይንም በአፍንጫም የሚታወቅ አይደለም። በካናዳ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ2001 እስከ 2003 በአንድ ሐይቅ ላይ ይህንን ሆርሞን በሊትር ከ5 እስከ 6 ናኖግራም ብቻ ሲጨምሩ የሐይቁ ትንንሽ ዓሣዎች ሊጠፉ ተቃረቡ፤ ናኖግራም ማለት የግራም አንድ ቢሊዮንኛ ነው። ስለዚህ «ውሃዬ ጥርት ያለ ነው» የሚለው መልስ ምንም አያረጋግጥም።

ከአዌቱ ወንዝ በታች፣ ወደ ቦዬ ረግረግ በሚያመራው በኩል፣ አንድ አዛውንት ሦስት ጊዜ ጫጩት ገዝተው ሦስቱንም ጊዜ ከስረው ጠሩኝ። «ልጄ፣ ዓሣዎቹ መካን ናቸው» አሉኝ። ቦዩን ተከትለን ወደ ላይ ስንሄድ ከመግቢያው በላይ የአንድ ጤና ተቋም ፍሳሽ ቱቦ አገኘን፤ በዳርቻው ላይም ጊዜ ያለፈበት መድኃኒት በግማሽ ተቃጥሎ ተጥሎ ነበር። ከኩሬው 10 ወንድና 20 ሴት ቆሮሶ አውጥተን በምንጭ ውሃ ላይ በተዘረጋ የመረብ ሣጥን ውስጥ አስገባን፤ ያንኑ ያህል በኩሬው ውስጥ ለይተን ተውን። ከሰባት ሳምንት በኋላ በምንጩ ያሉት ሴቶች ብዙዎቹ እንቁላል በአፋቸው ይዘው ተገኙ፣ በኩሬው ያሉት አንዳቸውም አልያዙም። መድኃኒትን እንደ ቅጠል በወንዝ ዳር የሚጥል ባለሙያ የሰው ጉሮሮ እየዘጋ መሆኑን እዚያ ቆሜ ተረዳሁ።

እናንተም ማንኛውንም ነገር ከመግዛታችሁ በፊት ይህንኑ ሙከራ አድርጉ። የናኖግራም መለኪያ በእጃችን የለም፤ ዓሣው ራሱ ግን በሁለት ወር ውስጥ ይነግራችኋል።

መፍትሔው ከመግቢያው ይጀምራል። ከከተማ ወይም ከሽንት ቤት በታች የሚመጣውን ቦይ ዝጉ፤ መድኃኒት የወሰደ ሰው ቅሪቱን በሽንቱ ያስወጣዋልና። (ጥፋቱ የሽንት ቤቱና የኩሬው አቀማመጥ ነው፤ ማንም ሴት በዚህ ምክንያት መከላከያዋን እንድታቋርጥ አይነገራት።) ከዚያ ኩሬውን አድርቁ፣ የላይኛውን ደለል አንሡ፤ ሆርሞኑ በደለል ላይ ይጣበቃል። ደለሉን ወደ ወንዝ አትመልሱ። በምንጭ ወይም በጣሪያ ዝናብ ውሃ ሙሉት። ሌላ ውሃ ከሌላችሁ በመግቢያው ላይ ፊላና ቄጠማ የበዛበት ማቆያ ገንዳ አዘጋጁና ውሃው ለቀናት እንዲያርፍ አድርጉ፤ የከሰል ማጣሪያም ይረዳል፣ ነገር ግን ይቀንሳል እንጂ ጨርሶ አያጠፋም።

ትላልቆቹ ዓሣዎች ንጹሕ ውሃ ሲያገኙ ሊያገግሙ ይችላሉ፤ በጫጩትነታቸው የተጎዱት ግን ዕድሜ ልካቸውን ሊመክኑ ስለሚችሉ ለዘር አታስቀሯቸው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ቴትራሳይክሊን እንክብል ፈትታችሁ በኩሬ ላይ አትበትኑ፤ ከዓሣው ቆሻሻ የሚመጣውን መርዛማ አሞኒያ የሚያስወግዱትን ባክቴሪያዎች ሊገድል ይችላል፣ ያኔ ያልታመመውንም ዓሣ ታጣላችሁ። በቤት ያለ ጊዜ ያለፈበት መድኃኒት ወደ ሽንት ቤትም ወደ ቦይም አይገባም፤ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ፋርማሲ ወስዳችሁ እንዲያስወግዱት ጠይቁ።

ኩሬው ከተሞላ ከሁለት ወር በኋላ ሴቶቹን በመረብ አውጥታችሁ አፋቸውን ተመልከቱ። ባዶ ሆኖ ካገኛችሁት ከመግቢያው ተነሥታችሁ እንደገና ወደ ላይ ሂዱ፤ ያልታየ ቱቦ ወይም ጉድጓድ አለ።